«በረሃብ የሞተ የለም» ለሚሉን፦ የሕፃናቱን የሞት ምክንያት ማን ይጻፈው?

ከአንድ ጡረተኛ መሐንዲስ (ፒ.ኤች.ዲ.)
ዩኒየን ሲቲ፣ ካሊፎርኒያ

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላል ያገራችን ሰው። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ስለ ጎረቤት ነበር፤ ዛሬ ግን ስለ መንግሥት የተነገረ ይመስላል።

ውድ አንባቢያን፣ የሦስት ቀኖችን ቅደም ተከተል ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2024 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሮም ላይ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ «አግሪኮላ» የተባለውን ሜዳሊያ አጠለቀላቸው። ሽልማቱ ለምግብ ዋስትና ላደረጉት አስተዋጽኦ ነው ተባለ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 30፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባለሙያዎቹን ወደ ሥፍራው ልኮ ባደረገው ማጣራት በስድስት ወር ውስጥ በትግራይ 351 ሰዎች፣ በአማራ ክልል ደግሞ 44 ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። ልብ በሉ! ይህን ያለው ተቃዋሚ ድርጅት አይደለም፤ ዳያስፖራም አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ባዘዘው መሠረት የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም ነው። ከዚያም በሳምንቱ፣ ፌብሩዋሪ 6 (ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.)፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ፊት ቆመው በኢትዮጵያ በረሃብ የሞተ ሰው እንደሌለ፣ ከምግብ ማጣት ጋር በተያያዘ በሽታ የሞቱ ሰዎች ግን ሊኖሩ እንደሚችሉ ተናገሩ።

ሜዳሊያው፣ ሬሳው፣ ክህደቱ፤ ሁሉም በአሥር ቀን ውስጥ!

የዛሬው ጽሑፌ በዚያች «ከምግብ ማጣት ጋር በተያያዘ በሽታ» በምትለው ሐረግ ላይ ነው። ብዙዎቻችን በሰማናት ጊዜ ተናደን አለፍናት። መናደድ ግን አይበቃም። ምክንያቱም ሐረጓ ከመጀመሪያው ክህደት የባሰች ናት፤ የሳይንስ ካባ ደርባለችና። ደጋፊዎቻቸውም «እውነታቸውን እኮ ነው፤ ሕፃኑን የገደለው የሳንባ ምች ነው፣ ኩፍኝ ነው፣ ተቅማጥ ነው፤ ረሃብ የሚል የሐኪም ወረቀት የታለ?» እያሉ ሲከራከሩ ሰምተናል። እንግዲያው በወረቀቱ እንነጋገር።

ድልድዩን የጣለው ምንድን ነው?

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ከስሜ ፊት ያለው «ዶክተር» መርፌ የሚወጋ ዶክተር አይደለም። መሐንዲስ ነኝ። የሕክምናውን ነገር የምጠቅሰው ሐኪሞቹና ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ካሳተሙት ነው። ነገር ግን የወደቀ ነገር ለምን ወደቀ ብሎ መመርመር የሙያዬ እንጀራ ስለነበረ፣ በዚህ ጥያቄ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በዚህ በቤይ ኤሪያ የምንኖር ሰዎች የምናውቀው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1989 በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ የሎማ ፕሪየታ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። መጠኑ 6.9 ነበር። ኦክላንድ ውስጥ ሳይፕረስ ይባል የነበረው ባለ ሁለት ደርብ አውራ ጎዳና ላይኛው በታችኛው ላይ ተደርምሶ 42 ሰዎች ሞቱ። ዛሬ ማንዴላ ፓርክዌይ ተብሎ ሣርና ዛፍ የተተከለበት ቦታ ማለት ነው። በዚያው መንቀጥቀጥ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ከተማ ሌሎች ድልድዮች ቆመው ቀርተዋል። መርማሪዎቹ «መንቀጥቀጡ ጣለው» ብለው ፋይሉን አልዘጉም። ምሰሶዎቹና ተሸካሚዎቹ በሚገናኙበት ላይ የታሰረው ብረት በቂ እንዳልነበረ፣ ከሥሩ ያለውም አፈር ለስላሳ ጭቃ እንደነበረ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ካሊፎርኒያ ሌሎቹን ድልድዮች በብረት እያጠናከረች ዓመታት አሳለፈች።

አንድ መሐንዲስ «በብረት ማነስ የወደቀ ድልድይ የለም፤ ከብረት ማነስ ጋር በተያያዘ መንቀጥቀጥ የወደቀ ግን ሊኖር ይችላል» ብሎ ሪፖርት ቢያቀርብ ምን ይባል ነበር? ያብዳል ይባል ነበር፤ ፈቃዱንም ይነጠቅ ነበር። እኛ ግን ይህንኑ አባባል በሕፃናት ሬሳ ላይ ሲነገር ሰምተን፣ ፓርላማውም አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ሄደ።

የተራበ ሕፃን ሲታመም

ሁለት ሕፃናትን አስቡ። ሁለቱም አንድ ዓመት ተኩል ሆኗቸዋል፤ ሁለቱንም የሳንባ ምች ይዟቸዋል። አንደኛው በልቶ ያደገ ነው። ሁለተኛው ግን ጤና ኬላዎች በሚጠቀሙባት ባለ ቀለም መለኪያ የክንዱ ዙሪያ ሲለካ ከ115 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ቀዩ ላይ ያርፋል። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የምግብ እጥረት የሚለው ደረጃ ነው። ያው ጀርም፣ ያው መድኃኒት፣ ያው ሐኪም እንበል። በእንዲህ ዓይነት መክሳት ላይ ያለ ሕፃን የመሞት ዕድሉ በደህና ከተመገበው ከ9 እስከ 12 እጥፍ እንደሚበልጥ ጥናቶች ያሳያሉ። ለምን?

የመጀመሪያው ነገር ስንቅ ነው። ጤነኛ ሕፃን ሲታመምና መብላት ሲያቅተው ሰውነቱ በጉበቱ፣ በጡንቻውና በስቡ ካስቀመጠው እየመነዘረ ይቆያል። የተራበው ሕፃን ጎተራው ባዶ ነው። ለጥቂት ሰዓታት ሳይመገብ ቢያድር የደሙ ስኳር ይወርዳል፤ ስኳሩ ሲወርድ ገላው ይቀዘቅዛል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሌሊት ላይ ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል። ስለዚህ ነው የሕክምናው መመሪያ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀስቅሳችሁ መግቡት፣ ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቁት የሚለው።

ሁለተኛው መከላከያው ነው። ጤነኛ ሰው ጀርም ሲገባበት ትኩሳት ያወጣል፤ ትኩሳት ማለት የጥበቃ ጩኸት ነው። የተራበው ሕፃን ግን ደሙ በጀርም ተመርዞ እንኳ ትኩሳት ላያሳይ ይችላል፤ ዘበኛው ራሱ ተርቦ ተኝቷልና። የአንጀቱ ግድግዳ ስለሚሳሳም በአንጀት መቅረት የነበረበት ጀርም ወደ ደም ይሻገራል። ለዚህ ነው ሆስፒታል የሚተኛ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ያለበት ሕፃን ትኩሳት ኖረውም አልኖረው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንዲጀመርለት የሚታዘዘው።

ሦስተኛው ጉዳይ መተንፈስ ነው። የሳንባ ምች የያዘው ልጅ ነፍሱን የሚያቆየው በደረቱ ጡንቻ ነው። ሰውነቱ በረሃብ ጊዜ ያንኑ ጡንቻ በልቶታል። አራተኛው ልብ ነው፤ ልቡም ጡንቻ ነውና አንሷል፣ ደክሟል። ለሌላው ልጅ ሕይወት የሚሰጠው ግሉኮስ በፍጥነት ቢንቆረቆርለት ልቡ አይችለውም። በሰውነቱ ውስጥ ጨው ተከማችቷል፣ ፖታሲየም ደግሞ አልቋል፤ ስለዚህ ለተቅማጥ የሚሰጠው የተለመደው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንኳ ለእሱ ተለውጦ መዘጋጀት አለበት።

አምስተኛው ከሁሉም የሚያስገርመው ነው። ምግብ ራሱ ይገድለዋል! በችኮላ ጠገብ አድርገው ቢያበሉት የደሙ ማዕድናት ተዛብተው ልቡ ቀጥ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ «ኤፍ 75» የተባለው ቀጠን ያለ ወተት በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል፤ ሲረጋጋ ወደ «ኤፍ 100» ወይም ሕዝባችን «ፕላምፒ ነት» ወደሚለው የለውዝ ቅቤ ይሸጋገራል። ደም ማነስ ቢኖርበት እንኳ ብረት ወዲያው አይሰጠውም።

ታዲያ ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለው ሕፃን ሲሞት የገደለው የሳንባ ምች ብቻ ነው? ኔቪን ስክሪምሾና ባልደረቦቹ ረሃብና ተላላፊ በሽታ እንዴት እርስ በርስ እየተጋገዙ እንደሚገድሉ የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመው መጽሐፍ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ፔለቲየርና ባልደረቦቹ ከ53 አገሮች በተሰበሰበ መረጃ ሲያሰሉ፣ ከሕፃናት ሞት 56 በመቶው ውስጥ የምግብ እጥረት እጁ እንዳለበት አገኙ። ከዚህም ውስጥ 83 በመቶው ቀላልና መካከለኛ በሚባለው እጥረት የመጣ ነበር። ማለትም የሚሞቱት በቴሌቪዥን የምናያቸው አጥንታቸው የገጠጠ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ቀጠን ብለው የሚሮጡትም ናቸው። ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱት ሕፃናት ግማሽ የሚጠጋው ሞት ከምግብ እጥረት ጋር እንደሚያያዝ ይናገራል።

ሌላም አለ። «ሆስፒታል ሠራን፣ ማሽን አስገባን» ብለው ሪባን ለሚቆርጡልን የምለው ነው። በአፍሪካና በእስያ ስድስት አገሮች ባሉ ዘጠኝ ሆስፒታሎች ታመው የተኙ 3,101 ሕፃናትን የተከታተለ፣ «ቼይን» የተባለ የጥናት ቡድን ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አሳትሟል። ከእነዚህ ውስጥ 350 ሕፃናት ሞቱ። ከሞቱት ግማሽ የሚጠጉት የሞቱት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ነው! ድነሃል ተብሎ የተሸኘ ልጅ ወደዚያው ባዶ ጎጆ ተመልሶ ይሞታል። የመተንፈሻ ማሽን ለልጁ ጡንቻ አይሠራለትም፤ ማሽኑ ጊዜ ይገዛለታል እንጂ። ጊዜውን የሚሞላው ምግብ ነው።

ስም እየቀየሩ መግደል

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት የሞት ምክንያት ማስረጃ ቅጽ አንድ መስመር ብቻ የለውም። መጀመሪያ የቅርቡ ምክንያት ይጻፋል፤ ከሥሩ ያንን ያመጣው፣ ከሥሩ ደግሞ የሁሉም መነሻ። ለብቻውም ለሞቱ አስተዋጽኦ ያደረገው ይሰፍራል። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዝገብ በአሥረኛው እትም ለምግብ እጥረት ከኢ-40 እስከ ኢ-46 የተሰጡ መለያዎች አሉ። ስለዚህ «ረሃብ የሚል የሐኪም ወረቀት የለም» የሚለው ክርክር ውሸት ነው። ወረቀቱ አለ፤ የሚጻፍበት መስመርም አለ። የጠፋው እንዲጻፍ የሚፈልግ መንግሥት ነው። አብዛኛው ሞት በማይመዘገብበት አገር «የሞተ የለም» ማለት «አልቆጠርኩም» ማለት ነው።

ይህ በሽታ የዛሬው አገዛዝ ብቻ አይደለም፤ ፍትሐዊ እንሁን። በ1966 ዓ.ም. መባቻ የወሎ ሕዝብ ሲረግፍ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ደበቀ፤ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1973 ፊልሙን ባያሳይ ኖሮ ዓለም አያውቅም ነበር። ደርግ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1984 አሥረኛ የአብዮት በዓሉን በሰንደቅና በመብራት ሲያደምቅ ኮረም ላይ ሕዝብ ይረግፍ ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላ የቢቢሲው ማይክል በርክ ለዓለም አሳየው። ኢሕአዴግ ደግሞ ቃላት የመቀየር ሊቅ ሆነ። ኮሌራ «አተት» ተባለ፣ ረሃብ «ድርቅ» ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የዕለት ደራሽ እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ሳለ ረሃብ የሚለው ቃል ነውር ነበር። ብልጽግና ከዚህ የወረሰውን አሻሽሎ አቀረበው። ከእንግዲህ በረሃብ መሞት ራሱ ቀረ፤ የሚቀረው «ተያያዥ በሽታ» ብቻ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

እንደምንችል እናውቃለን

«ተቃዋሚ ስለሆናችሁ መልካሙን አታዩም» የሚሉን አሉ። እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 37 ወርዷል። ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱት ከ1,000 ልደት 166 ከነበሩበት ወደ 59 ወርደዋል። ይህን ያደረጉት በየቀበሌው በእግራቸው የሚዞሩት ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቻችን ናቸው፤ ምስጋናው የእነሱ ነው።

እንዲያውም ዓለም ከኢትዮጵያ ተምሯል። የምግብ እጥረት ያለበትን ልጅ ሁሉ ሆስፒታል ከማስተኛት ይልቅ፣ ሌላ ሕመም የሌለበትን በቤቱ በለውዝ ቅቤ ማከም እንደሚቻል በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ በ2000 የሐዲያ አካባቢ ነበር። ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር ባሳተሙት ጽሑፍ ከ170 ሕፃናት 144ቱ አገግመዋል፤ የሞቱት 7 ናቸው። ከዚያም በፊት ቢሆን የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት «ፋፋ»ን የሠራልን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። በእኛ ዕድሜ ያለ የከተማ ልጅ የፋፋን ጣዕም አይረሳም። ዛሬ ደግሞ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ይህንኑ የለውዝ ቅቤ የሚያመርት ፋብሪካ አለ፤ ስሙም «ሕሊና» ነው። ፋብሪካው አለን፤ የጎደለው ስሙ ነው!

እንግዲህ ዕውቀቱ አለ፣ ባለሙያው አለ፣ ምርቱ አለ። መንገዱን የዘጋው ምንድን ነው? ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 አጠፋለሁ ብሎ የፈረመው ሰነድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ከተማ ናት። ቃል ኪዳኑ በስሟ የተሰየመላት ሰቆጣ ከዓመታት በኋላ የሰሜኑ ጦርነት ደረሰባት፤ ቀጥሎ ድርቁ መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጁላይ 2024 ባወጣው ሪፖርት የመንግሥት ኃይሎች በክልሉ በሐኪሞች፣ በሕሙማንና በጤና ተቋማት ላይ ያደረሱትን ጥቃት ዘርዝሯል። በ2019 እንኳ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በአማራ ክልል ከ100 ሕፃናት 41፣ በትግራይ 49 የቀነጨሩ ነበሩ። መንቀጥቀጡ የመጣው ቀድሞ በተሰነጠቀ ምሰሶ ላይ ነው።

በዚህ ላይ የባዕድ እጅም አጠረ። በ2023 የእርዳታ እህል ተሰርቋል ተብሎ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና ዩኤስኤይድ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ለወራት አቋረጡ፤ ሌባውን ትተው የተራበውን ቀጡ። በኤፕሪል 2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላለቀበት በኢትዮጵያ የ650,000 እናቶችና ሕፃናትን የምግብ እጥረት ሕክምና እንደሚያቆም አስታወቀ። ዩኤስኤይድም በዚያው ዓመት ፈረሰ። የልጆቹን ነፍስ በሰው አገር በጀት ላይ አንጠልጥሎ በገዛ ገንዘቡ ግን ቤተ መንግሥትና መናፈሻ የሚገነባ አገዛዝ ምን ይባላል? ስንዴ ወደ ውጭ እንልካለን ሲሉን የነበሩትስ?

ምን እንጠይቅ?

መሐንዲስ ችግር ቆጥሮ አይሄድም፤ የሚሠራ ነገር ያቀርባል። ጥያቄዎቼ አራት ናቸው።

አንደኛ፦ በየሆስፒታሉ ባሉት የምግብ እጥረት ማከሚያዎች ስንት ሕፃናት ገቡ፣ ስንት ዳኑ፣ ስንት ሞቱ፣ ስንት ጠፉ የሚለው በየወሩ፣ በየወረዳው በይፋ ይውጣ። «ስፊር» የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ የሚሞቱት ከ10 በመቶ በታች፣ የሚያገግሙት ከ75 በመቶ በላይ ይሁኑ ይላል። ልካችሁ ይታይ።

ሁለተኛ፦ ለሚሞት ሕፃን ሁሉ የክንዱ ልክና ክብደቱ በሞት ምክንያት ቅጹ ላይ ይስፈር፤ የምግብ እጥረት የጻፈ ሐኪም አይጠየቅ፣ አይባረር፣ አይታሰር።

ሦስተኛ፦ ይህ ለመከላከያም ለፋኖም ነው። አምቡላንስና ወተት የጫነ መኪና ወገን የለውም። የወገኔ ጦር ነው ብለን የምንደግፈው ማንም ይሁን፣ የሕፃን ምግብ የጫነ መኪና ካስቆመ ከገዳዮቹ ጋር ተደምሯል። ይህን ስጽፍ የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይቆጡ። ለራሳችን ወገን ያልተናገርነው እውነት በጠላት ላይ ሲነገር ዋጋ የለውም።

አራተኛው ለእኛው ነው። ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ አዳራሽ ተከራይተን ስንዋጮ ስንት ጊዜ ሆነን? የትኛው ድርጅት፣ የትኛው ግንባር፣ የትኛው ሊቀመንበር እያልን ስንሰነጣጠቅ ስንት ዓመት አለፈን? የረሃብ ፎቶ ለሰልፍ ሰሌዳ እንለጥፋለን፤ ልጁ ከፎቶው በኋላ ምን እንደሆነ አንጠይቅም። ከሆስፒታል የወጣ ልጅ በስድስት ወር ውስጥ እንዳይሞት የሚያስፈልገው ክትትል፣ ምግብና ለእናቱ የምትሆን ጥቂት ብር ነው። ይህን ሊሠሩ የሚችሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና ነርሶች በየግዛቱ ሞልተውናል። እነሱ ይምሩን፣ እኛ እንክፈል። ግብር የምንከፍልበትን አገር እንደራሴዎችም በስልክና በደብዳቤ እንወትውት፤ ጥያቄያችንም ፓርቲ ሳይሆን የለውዝ ቅቤ ይሁን።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሜዳሊያቸውን ይያዙት። ነገር ግን በዋግ፣ በጃናሞራ፣ በትግራይ፣ በቦረና፣ በሶማሌና በአፋር ልጇን የቀበረች እናት ልጇ በምን እንደሞተ ታውቃለች። የማይክሮስኮፕ ምርመራ አላስፈለጋትም። ጡቷ የደረቀበትን ቀን፣ ሊጡ ያለቀበትን ቀን፣ ልጁ መሳቅ ያቆመበትን ቀን ቆጥራለች። ሳሉ የመጣው በመጨረሻ ነው።

በረሃብ የሞተ የለም አትበሉን። ቁጠሩ፣ ጻፉ፣ መንገዱን ክፈቱ!

ቸር ወሬ ያሰማን።
ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!